የአርዌን ዱካ እንዴት ተከተልኩ

ባሕር ዳር ለቱሪስት የሚሸጡትን የንግሥተ ሳባ ሥዕሎች አይታችኋል? በሣጥን በሣጥን የተከፋፈሉትን ማለቴ ነው። የመጀመሪያው ሣጥን ላይ ብዙ ጊዜ ንግሥቲቱ የለችም። ሕዝብ ከብትና ልጃገረድ የሚገብርለት ዘንዶ ነው ያለው። ስሙ አርዌ። በአፈ ታሪኩ አጋቦስ የሚባል ሰው በመርዝ ይገድለውና ይነግሣል፤ ማክዳ የእሱ ልጅ ናት።

ስሙን ከሥሩ ልፈልግ ብዬ ተነሣሁ። ቲክቶክን ዘለልኩት። እዚያ ቃል እየቆራረጠ የራሱን ቅኔ የሚያወጣ ሞልቷል። በ1948 ዓ.ም. ወደታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት ሄድኩ። ለጀማሪ አንድ ምክር አለኝ፦ የመጽሐፉ የፊደል ቅደም ተከተል አበገደ (አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያለ የሚሄደው) ነው፤ በሀለሐመ ስትፈልጉ እንዳትውሉ።

ነገሩን የፈታልኝ ብዙ ቁጥሩ ነው። የአርዌ ብዙ ቁጥር «አራዊት»! የዱር አራዊት የምንለው ማለት ነው። ስለዚህ አርዌ መነሻው እባብ አይደለም፣ አውሬ ነው። አማርኛው «አውሬ» ራሱ ያው ቃል ነው፤ «ረ» እና «ወ» ቦታ ተለዋወጡ እንጂ። ዘመዶቹም ሩቅ ሄደዋል፦ በዕብራይስጥ አንበሳ፣ በዓረብኛ የተራራ ፍየል ሆኗል።

ታዲያ እባቡ ከየት መጣ? ዘጌ ተሻግሬ አንድ የኔታን ጠየቅኩ። «ትርጉሙን ተወው፤ የት እንደሚነበብ ጠይቅ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ቃል የምፈልገው እንዲህ ነው። በግእዙ ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ሔዋንን ያሳታት «አርዌ ምድር» ነው። ሙሴ በበረሃ የሰቀለው የናስ እባብ ደግሞ «አርዌ ብርት» ይባላል። እንደ እኔ ግምት፣ የምድር አውሬ ሲባል ሲባል «ምድር» ተቆርጦ ቀረና አርዌ ብቻውን እባብ ሆነ።

መዝገበ ቃላት የማይነግራችሁን ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይነግራችኋል። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር የተጋደመው ደራጎን ነው፤ ይሄኛው ስም ከግሪክ የመጣ ነው። አቡነ አረጋዊን ተመልከቱ ደግሞ። ዘንዶው ወገባቸውን ጠምጥሞ ወደ ደብረ ዳሞ አምባ ያወጣቸዋል። አንዱ ጠላት፣ አንዱ መሰላል! ሁለቱንም «እባብ» ብላችሁ በአንድ ትርጉም ብታልፉ ዋናው ነገር ያመልጣችኋል።

አውሬው እስካሁን መልኩን ይቀይራል። የዘንድሮ ተማሪ ጎበዝ ጓደኛውን ሲያደንቅ «ሒሳብ ላይ አውሬ ነው» ይላል።