ውሃው የማይደፋ መኮሮኒ

ይህን እራት የወለደው የምግብ ፍቅር አይደለም። ጀሪካን ነው።

የምንኖረው ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ ግንፍሌ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው። ፈረቃው በተዛባበት ሳምንት ከግቢው ታንከር በጀሪካን እየቀዱ ወደ ላይ መሸከም የእኔ ድርሻ ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ሚዛን ላይ 20 ኪሎ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርሱ ግን 50 ይሆናል።

እንዲህ ስሸከም በዋልኩበት አንድ ማታ ባለቤቴ አዳር ተረኛ ነበረች። ለልጆቹ መኮሮኒ ቀቀልኩ። ሲበስል ወንፊት ላይ ገለበጥኩት። ያ አራት ፎቅ የተሸከምኩት 3 ሊትር ውሃ እየጨሰ በማጠቢያው ቀዳዳ ሲወርድ ቆሜ አየሁት። ወገቤ ገና አልተቃናም። ዞር ስል ደግሞ ሁለት ድስት፣ መጥበሻ፣ ወንፊት፣ ጭልፋ ተከምሯል። ለእነሱም ማጠቢያ ውሃ ያስፈልጋል። «ሁለተኛ የመኮሮኒ ውሃ አልደፋም» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ትልቋ ልጄ ከሳሎን «አባ፣ ምን አልክ?» አለችኝ።

ጊዜው የወር መጨረሻም ነበር። ደሞዝ ሊገባ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ቤት ውስጥ አምስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆች፣ እና ለሐኪም ክትትል ከደብረ ብርሃን መጥተው እኛ ጋ የሰነበቱት የባለቤቴ እናት። እማማ ነው የምላቸው። አምስት ሰው ወጥ በእንጀራ እራት ሲበላ እኛ ቤት ስምንት እንጀራ ይሄዳል። ምጣድ የለንም፤ እንጀራ የምንገዛው ከሱቅ ነው። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም። ይህን አንብባችሁ እስክትጨርሱ ሊጨምር ይችላል።

ድሮ ቢሆን ፒያሳ አትክልት ተራ ብቅ ብዬ በርካሽ ጥቅል ጎመንና ቲማቲም ሸክፌ እመጣ ነበር። በኮሮና ጊዜ፣ በ2012፣ ገበያው መጀመሪያ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ጃንሜዳ ለእኛ እንኳን ቅርብ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሃይሌ ጋርመንት ሄደ። ለሁለት ኪሎ ቲማቲም ብሎ እስከዚያ ታክሲ መያዝ ቲማቲሙን ወርቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ሽንኩርት ከእሁድ ገበያ ለሳምንት ይገዛል፤ የቀረው ጓዳ ውስጥ ያለው ነው። በዚያ ሳምንት ያለው ደግሞ ይህ ነበር፦ መኮሮኒ፣ ምስር ክክ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እማማ ያመጡልን በርበሬ፣ እርድ፣ ከሸማቾች የተገዛ ዘይት፣ አንድ ትንሽ ጣሳ ሳልሳ፣ ጨው።

ምስርና መኮሮኒ አብረው መሄዳቸው መጀመሪያ እኔንም ግር ብሎኝ ነበር። ግን ሽሮ በእንጀራ ስንበላም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ጥራጥሬና እህል አንዱ በፕሮቲን በኩል የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ሥጋ በሌለበት ሳምንት ለልጆች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነው። የአንድ ድስት ምግብ ማለት ሁሉን ነገር ድስት ውስጥ መወርወር መስሎኛል። ምስሩንም፣ መኮሮኒውንም፣ ሽንኩርቱንም፣ በርበሬውንም በአንድ ጊዜ ጨመርኩና ክዳኑን ገጥሜ ዜና ማየት ጀመርኩ። ተመልሼ ስከፍተው መኮሮኒው ሟሙቷል፣ ምስሩ ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይሸታል። ከስር ደግሞ አሯል። ትንሹ ልጄ ሳህኑን አየና «ገንፎ ነው?» አለ። ቀጥሎ «ታዲያ መሐሉ ላይ ቅቤው የታለ?»

እማማ ሦስት ጉርሻ የማይሞላ ቀመሱና «ጠገብኩ ልጄ፣ ምሳው ከብዶኝ ነው የዋለው» አሉ። ምሳ አብረን ነው የበላነው። ሻይ በዳቦ ነበር።

ያረረውን ድስት ለማስለቀቅ ግማሽ ጀሪካን ጨረስኩ። ውሃ ልቆጥብ ብዬ መሆኑን አትርሱ።

በሁለተኛው ሙከራ ተራ ያዝኩ። መጀመሪያ ምስር፣ ቀጥሎ መኮሮኒ። ክኩ ስላለቀ ድፍን ምስር ተጠቀምኩ፤ ሳልሳውንም እንደ ወጥ ከቁሌቱ ጋር ገና ከመነሻው አቁላላሁት። ሽታው ግሩም ነበር። 45 ደቂቃ ፈላ። ምስሩ ግን ወይ ፍንክች። እማማ መጥተው በማማሰያው ጫፍ አንዷን ፍሬ አወጡና በጣታቸው ጨመቋት።

«ሳልሳውን ቀድመህ ነው የጨመርከው?»

«አዎ እማማ፣ ከሽንኩርቱ ጋር።»

«እንዴት ብሎ ይብሰልልህ! ጎምዛዛ ገብቶበት። እልህ ታስይዘዋለህ እንጂ አይበስልም።»

በኋላ ሳጣራ ልክ ናቸው። የጥራጥሬን አካል አጣብቆ የሚይዘው ፔክቲን የሚባለው ነገር ጎምዛዛ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። ስለዚህ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ አቼቶ ሁሉ የሚገባው ጥራጥሬው ከለሰለሰ በኋላ ነው። ድፍን ምስር ከሆነ ደግሞ ጠዋት ውሃ ውስጥ መንከር፤ ለማታ ይቀላል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ክክ ከቤት እንዲጠፋ አልፈቅድም።

ሌላው የሸወደኝ የመኮሮኒው ማሸጊያ ነው። ስምንት ደቂቃ ይላል። በስምንት ደቂቃ የእኔ መኮሮኒ መሐሉ ነጭ ነው። ጥፋቱ የመኮሮኒው አይደለም፣ የከተማችን ነው። አራት ኪሎ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ እሳቱን ብታነዱት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ አይሞቅም። ለእኛ ቤት ከ13 እስከ 14 ደቂቃ ነው ልኩ። ክዳን መግጠም የሚረዳውም ለዚህ ነው፤ ያ ያለችው ሙቀት እንዳትባክን።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ልኩ ለአምስት ሰው ነው፣ ለነገ ምሳ ዕቃም ትንሽ ይተርፋል።

ቤት ካለው ሁሉ ወፍራሙን ድስት እጥዳለሁ። ስሱ አሉሚኒየም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከስር ይይዛል። ሁለት ትልልቅ ሽንኩርት አድቅቄ ከትፌ ያለ ዘይት አገባለሁ። እዚህ ላይ ችኮላ የለም። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ውሃውን ይመጥጣል፣ ከዚያ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ጠብታ ውሃ እጨምርለታለሁ። ቀለሙ የሻይ ሲመስል አምስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት። አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ እከተላለሁ። በርበሬው ብቻውን ቢሆን ትንሹ አይበላልኝም፤ እርዱ ቀለሙን ያሟላና በርበሬውን እንድቀንስ ይፈቅድልኛል። እሳቱን ቀንሼ፣ ውሃ ጠብ እያደረግሁ፣ ዘይቱ ወደ ዳር እስኪወጣ አቁላላለሁ። መጀመሪያ ቀን ጥሬ ጥሬ የሸተተኝ በርበሬ ያጣው ይህችን አሥር ደቂቃ ነው። ወጥ የሚሠራ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር መኮሮኒ ነው ብዬ ዘልዬው ነበር።

ነጭ ሽንኩርት ሦስት አራት ፍንካች። ከዚያ አንድ የውሃ ብርጭቆ ሙሉ ምስር ክክ፣ ታጥቦ። የታጠበበትን ውሃ በባልዲ እይዘዋለሁ፤ ለወለል ይሆናል። ለድስቱ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ሞልቼ አፈላለሁ። መጀመሪያ ከግማሹ ትንሽ ያነሰ ይገባል። ቀዝቃዛ ከሆነ ያ ሁሉ የሞቀ ድስት እንደ አዲስ ይነሣል። ክዳን ገጥሜ 15 ደቂቃ።

ምስሩ ጣት ላይ ሲፈርስ ከግማሽ ኪሎ መኮሮኒ ሩቡን አስቀርቼ ሌላውን እጨምራለሁ፤ ጨውም አሁን ነው። ከቀረው ሙቅ ውሃ መኮሮኒውን ለጥቂት እስኪሸፍን ድረስ። አንድ ብርጭቆ ያህል መጠባበቂያ ትቀራለች። በየሦስት ደቂቃው ከስር ማማሰል ግድ ነው። ዜና የለም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሳልሳ። ከመኮሮኒው የሚወጣው ስታርች መረቁን ራሱ ያወፍረዋል። ያ በማጠቢያ ቀዳዳ ስደፋው የኖርኩት ነጭ ውሃ ዋጋው የገባኝ ያኔ ነው። ድሮ መኮሮኒው ላይ ሱጎው አልይዝ እያለ ዘይት የምጨምረው በከንቱ ነበር።

ቆስጣ ካለ መጨረሻ ላይ ተከትፎ ይገባል። ጾም ካልሆነ አንድ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ። ረቡዕና ዓርብ እንዳለ ነው፤ ምንም አይጎድለውም። ቃሪያ ለትልልቆቹ በሳህን።

አንድ የጋቢ ታሪክም አለኝ። አራተኛው ወይ አምስተኛው ጊዜ ነው። መኮሮኒው ከገባ ገና ስድስት ደቂቃ ሆኖታል፣ መብራት ጠፋ። ምድጃችን የኤሌክትሪክ ነው፤ ሲሊንደሩ ባዶውን በረንዳ ላይ ቆሟል። ምን ያህል እንደበሰለ ላይ ብዬ እጄን ወደ ክዳኑ ሰደድኩ።

«እንዳትከፍት!» አሉ እማማ በጨለማ።

ከትከሻቸው ጋቢያቸውን አወረዱ። ወለሉ ላይ ካርቶን አስነጠፉኝና ድስቱን አስቀመጥኩ። ጋቢውን አራት አጥፈው ድስቱን ከላይም ከጎንም ጠቀለሉት፤ ልክ የዳቦ ሊጥ ኩፍ እንዲል እንደሚሸፈነው። ጫፉን ከስር ሲወትፉ በስልክ መብራት አበራላቸው ነበር። «ሕፃን ነው እንዴ?» አለ ትንሹ። ልጆቹ ድስቱን ከበው ተቀመጡ፤ ሙቀቱ ራሱ ደስ ይላል። 25 ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ስንከፍተው እንፋሎቱ ፊቴን ገረፈኝ። መኮሮኒው በስሏል፣ አልሟሟም፣ ከስር አንዲት እንኳ አልያዘችም። ምድጃ ላይ እኔ ከሠራሁት ሁሉ ይሻላል።

አሁን መብራት ቢኖርም ሆን ብዬ ስድስት ሰባት ደቂቃ ሲቀረው አወርደዋለሁ። በአሮጌ ብርድ ልብስ ነው የምጠቀልለው፤ የእማማ ጋቢ ለሁለት ሳምንት ቁሌት ቁሌት ሲሸት ከባለቤቴ የሰማሁት ይበቃኛል።

እማማ አመኑ ማለት ግን አይደለም። ያን ማታ ሳህናቸውን አዩ፣ ሹካውን አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው «እንጀራው የታለ?» አሉ። መኮሮኒ እንደሆነ አስረዳሁ። እንጀራ ላለመግዛት ነው የሠራሁት ማለት አልቻልኩም፤ ለአማት ይህ እንዴት ይባላል? ከቁርስ የተረፈ ሁለት እንጀራ ነበር፤ አመጣሁ። መኮሮኒውን በእንጀራ ጠቅለል አድርገው ጎረሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጆቹ አዩ። ሹካዎቹ ወዲያው ተጣሉ። ትንሹ «እኔም በእጄ!»

ስለዚህ ሒሳቤ ትንሽ ተበላሽቷል። ምንም እንጀራ አይነካም ያልኩት እራት ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ይበላል። ከስምንት ሦስት፣ ምን ይደረግ። ሹካ የሚታጠብ አለመኖሩ ደግሞ በእኔ በኩል ይቆጠራል። ትናንት ማታ ድስቱን፣ ማማሰያውንና አምስቱን ሳህን ያጠብኩበትን ውሃ ለካሁት፤ ሁለት ሃይላንድ አልሞላም።