ሙሽሪትን ላስደስት ብዬ ከዶሮ ጋር ያመሸሁባት ማታ

ይኼን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ስለ ብራይዳል ሻወር (ከሰርግ በፊት ሴቶች ለሙሽሪት ስለሚያዘጋጁት ድግስ) ያነበብኩት ሁሉ የፊኛ፣ የጠረጴዛ ልብስና የጨዋታ ወሬ ነው። ምግቡ ጋ ሲደርስ «ቀለል ያሉ ነገሮችን አዘጋጂ» ብሎ ያልፋል። ቀለል ያለ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ዘንጬ በለበስኩት ቀሚስ ላይ ሽርጥ አስሬ፣ ኦቨን ፊት ተንበርክኬ ነው።

ሙሽሪት የልብ ጓደኛዬ ናት። ሚዜዋ ነኝ። ሴቶቹ ብቻ የምንሰባሰብባት ማታ እኔ ቤት ትሁን ያልኩት እኔው ነኝ። «ምግቡን ለእኔ ተዉት» ያልኩትም እኔው ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ስለዚህ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆንብኝ ገና ከመጀመሪያው ጥፋቱን ወስጃለሁ።

14 ሴቶች ነበርን። ወንበር ከጎረቤት ተዋስኩ። ጌጣጌጡን ሁለቱ ሚዜዎች ጨረሱት። ኬኩ ታዘዘ፣ በሰዓቱ መጣ። ስለ እነዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

ምግብ ከማሰቤ በፊት የሠራሁት አንድ ብልህ ነገር ቢኖር ሁሉንም መጠየቄ ነው። «የማትበሉት ወይም የሚያማችሁ ነገር አለ?» ብዬ ለሁሉም ላክሁ። አንዷ ሰሊጥ አለርጂዋ እንደሆነ ነገረችኝ። ሁመስ፣ ማለትም የተፈጨ ሽምብራ፣ ላሰናዳ ነበር። ሁመስ ውስጥ የሚገባው ጣሂና ደግሞ ሰሊጥ ነው፣ ተፈጭቶ ስለሚገባ በዓይን አይታይም። ለብቻዋ ሌላ ሳህን ማዘጋጀት ይቻል ነበር፤ ግን 14 ሰው በሚጨዋወትበት ጠረጴዛ ላይ ማንኪያ ከሳህን ሳህን ይዞራል። ሽምብራውን ያለ ጣሂና፣ በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ብቻ ፈጨሁት። ማንም ልዩነቱን አላወቀም።

ሙሽሪትን ግን አልጠየቅኋትም። ሁሉም «ሰርፕራይዝ ይሁንላት» ይላላ! እኔ አሁን ተቃራኒውን ነው የምለው። ሙሽራ ጠይቋት። የእኛዋ ሰርጓ አሥር ቀን ቀርቷት ሆዷ በጭንቀት ተቆልፎ ነበር፣ ሽንኩርት ሲሸታት ያቅለሸልሻታል። የለበሰችው ደግሞ ነጭ ነው። እኔ የቲማቲም ስጎ አቅርቤ ቀሚሷን በሶፍት ሸፍና ስትበላ ማየት ነበረባችሁ። ሰርፕራይዙን በስጦታው አድርጉት። ሆዷን አስቀድማችሁ እወቁት።

ሌላው የማልስማማበት ነገር «ሁሉም አንዳንድ ነገር ይዞ ይምጣ» የሚለው ነው። እንደዚያ አልኩ። አራቱ ቺፕስ ይዘው መጡ። በረዶ ይዞ የመጣ የለም። መካፈል ካማራችሁ በስም አድርጉት፦ በረዶ ያንቺ፣ ፍራፍሬ ያንቺ፣ ዳቦ ያንቺ። «የሚቀልሽን» የምትለዋ ቃል ውስጥ ቺፕስ አለች።

አሁን ወደ ዶሮዋ።

ሳንድዊች፣ የተሞላ እንቁላል፣ ሽምብራ ከካሮትና ከኪያር ጋር፣ ፍራፍሬ፣ ኬክ። ይኼ ዝርዝሬ ነበር፣ በቂም ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ግን «እንዴ፣ ራት ሰዓት ላይ ሰው ጠርቼ ሳንድዊች ብቻ?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ይሉኝታ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። 5 ኪሎ የዶሮ ጭንና እግር ገዛሁ። የቀዘቀዘ፣ በአንድ ላስቲክ ውስጥ ተጣብቆ ብሎኬት የሆነ። ፍሪዘር ውስጥ ወረወርኩት።

ላስቲኩ ላይ «በፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ» ይላል። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አይልም። እስካሁን የሚያናድደኝ ይኼ ነው። የማብሰያውን ደቂቃ በትልቁ ጽፈው የማቅለጫውን ይተዉታል። በኋላ እንዳነበብኩት፣ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ለሚሆን ሥጋ 24 ሰዓት ገደማ መቁጠር ያስፈልጋል። የእኔ 5 ኪሎ ሁለት ሙሉ ቀን ይፈልግ ነበር ማለት ነው። እኔ ያወጣሁት በዋዜማው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው።

ጠዋት ስነካው ላዩ ለስልሷል። ጎሽ አልኩ። መልሼ ዘጋሁት፣ እንቁላል ወደ መቀቀሉ ሄድኩ። 8 ሰዓት ላይ ልቀምመው ሳወጣው ቢላ አልገባ አለው። የሙሽሪት አክስት ቀድመው መጥተው ነበር። በጣታቸው ጫን አደረጉትና «ልጄ፣ ይኼ እኮ ድንጋይ ነው» አሉኝ። «ተዪው ይቅር፣ ፓስታ ቀቅዪ።»

እዚህ ላይ ብሰማቸው ኖሮ ይኼን ጽሑፍ አታነቡትም ነበር።

አልሰማኋቸውም። ትልቅ ሳፋ ሙቅ ውሃ ሞልቼ ዶሮውን ከነላስቲኩ ነከርኩት። ይኼ ስህተት ብቻ ሳይሆን አደገኛ ነገር ነው። ሙቅ ውሃ ላዩን ቶሎ ያሞቀዋል፣ ውስጡ በረዶ እንደሆነ ይቀራል። ባክቴሪያ ፈጥኖ የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። እኔ ላዩን ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያ ውስጥ አቆየሁት። የቸኮለ ሰው የሚያደርገው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከትቶ ውሃውን በየ30 ደቂቃው መቀየር ነው። እሱም ቢሆን ለ5 ኪሎ ብሎኬት ሰዓታት ይፈጃል፣ ግን ቢያንስ አይበላሽም።

10 ሰዓት ላይ ቁርጥራጮቹን በግድ አላቀቅኋቸው። መገጣጠሚያቸው ላይ በረዶ ይታየኛል። «ኦቨን ያቀልጠዋል» አልኩ። ቀመምኩ፣ በሁለት ትሪ ደርድሬ አንዱን ላይ አንዱን ታች አስገባሁ። የምግብ አሠራሩ 200 ዲግሪ፣ 45 ደቂቃ ይላል። 45 ደቂቃው ግን ለአንድ ትሪ፣ በደንብ ለቀለጠና ተራርቆ ለተደረደረ ዶሮ ነው። የእኔ ኦቨን 5 ኪሎ ቀዝቃዛ ሥጋ ሲገባበት ሙቀቱ ዝቅ አለ። ዶሮው ውሃ አወጣ። ውሃው ተነነ። ከዚያ በኋላ ጥብስ ሳይሆን በእንፋሎት መቀቀል ነው የሆነው።

11 ሰዓት ላይ እንግዶች መምጣት ጀመሩ። ሁሉም ፏ ብለዋል። እኔ ላብ በላብ። የላዩ ትሪ ጠቆር ማለት ጀምሯል፣ የታቹ ነጭ ሆኖ በገዛ ውሃው ውስጥ ይዋኛል። ትሪዎቹን አቀያየርኩ። በከፈትኩት ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል፣ በወጣ ቁጥር እጠብቃለሁ፣ በጠበቅሁ ቁጥር ደግሞ እከፍታለሁ። ሳሎን ውስጥ ጨዋታ ተጀመረ። «ነይ እንጂ!» ይሉኛል። «መጣሁ፣ አምስት ደቂቃ!» እላለሁ። አምስት ደቂቃዋን ስንት ጊዜ እንደተናገርኳት አትጠይቁኝ።

1 ሰዓት ተኩል ላይ አቀረብኩ። ከላይ ሲታይ ያምራል። ወርቃማ፣ ጥብስ ጥብስ የሚሸት። ሁሉም አነሱ። ከዚያ ጥግ ላይ ከተቀመጡት አንዷ ቢላዋን አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ «የኔ ቆንጆ፣ ይኼ ትንሽ… ቀይ አይደለም?» አለችኝ በሹክሹክታ። ሹክሹክታዋን ሁሉም ሰማ።

ዶሮ አጥንቱ ጋ ቀላ ስላለ ብቻ ጥሬ ነው ማለት አይቻልም። ወጣት ዶሮ ሲሆን በስሎም ከመቅኔው ቀለም ሊወጣ ይችላል። ግን እኔ በምን ልወቀው? ቴርሞሜትር የለኝም። «በቢላ ወጋ ስታደርጊው ውሃው ከጠራ በስሏል» የሚሉኝን ስሰማ ነው የኖርኩት። ጭኑ አጥንት አጠገብ 74 ዲግሪ ደርሷል ወይስ አልደረሰም፣ ቢላ አይናገርም። የሥጋ ቴርሞሜትር ግዙ። ያጠፋሁት ዶሮ ዋጋው ሲደመር ከቴርሞሜትሩ ይበልጣል።

እናም ከ14 ሰው ፊት ሳህን ሰበሰብኩ። አንድ በአንድ። አንዷ አንድ ጊዜ ጎርሳ በሶፍት ስትተፋ አየኋት። ሙሽሪት «ችግር የለውም፣ እኔ እንዲያውም አልራበኝም» አለች፤ ከዚህ በላይ ሼም አላውቅም። መልሼ ኦቨን ውስጥ ከተትኩት። ግማሽ ሰዓት ቁሜ ካየሁት በኋላ የሙቅ ውሃው ነገር ትዝ አለኝ። እንደገና ቢበስልም አንዳንድ ባክቴሪያ ትቶት የሚሄደው መርዝ በሙቀት አይጠፋም። 5ቱንም ኪሎ ቆሻሻ ውስጥ ገለበጥኩት። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚባለው ለካ ስለ እኔ ነው።

አክስትየዋ አንድ ቃል አልተናገሩም። ትልቁን ድስት ጣዱ።

1 ኪሎ ፓስታ፣ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የተፋቀ አይብ። ፓስታው የተቀቀለበትን ውሃ አንድ ኩባያ አስቀርተው ከቅቤው ጋር መቱበት፣ ስጎው ወፈር ብሎ ፓስታው ላይ ተጣበቀ። 20 ደቂቃ አልፈጀም። ለሙሽሪት ነጭ ሽንኩርት የሌለበት ለብቻ ወጣላት። ያን ቀን ሳህኗን የጨረሰችው በእሱ ብቻ ነው። ነጭ ነው፣ ቀሚሷንም አላስፈራራም።

ስለዚህ እንደገና ባዘጋጅ እንዲህ ነው የማደርገው። በዕለቱ ኦቨን አልለኩስም። ትኩስ ነገር ካስፈለገ ከምድጃ ላይ በግማሽ ሰዓት የሚወርድ አንድ ነገር ብቻ፣ ለምሳሌ ፓስታ። ሌላው ሁሉ ቀዝቃዛና ከዋዜማው የሚያልቅ።

እንቁላሉ ምርጥ ነበር። 11 ደቂቃ ቀቅሎ በረዶ ውሃ ውስጥ መጣል፣ ለሁለት ሰንጥቆ አስኳሉን ከማዮኔዝና ከሰናፍጭ ጋር አሽቶ መልሶ መሙላት። ዛሬ የተጣለ እንቁላል አትግዙ፣ ቅርፊቱ ነጩን ቦጭቆት ይወጣል። ሳምንት የቆየው በቀላሉ ይላጣል። ሳንድዊቹን ጠዋት መሥራት ይቻላል፣ ዳቦው እስከ ጫፍ ድረስ ቅቤ ከተቀባ። ቅቤው የኪያሩንና የቲማቲሙን ውሃ ያግደዋል። ኪያሩን ግን ጨው ነስንሳችሁ ሩብ ሰዓት አስቀምጡና ጭመቁት። በላዩ እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፣ ዳቦው አይደርቅም። አቮካዶ ካላችሁ ሎሚ አድርጉበትና ላስቲኩን አየር እንዳይገባ ፊቱ ላይ ለጥፉት። ፍራፍሬውን በስቲኪኒ ሰክታችሁ አቅርቡት። ሙዝ አትጨምሩ፣ ይጠቁራል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ራት የሚተካ ከሆነ ለአንድ ሰው ከ10 እስከ 12 ቁራሽ ይባላል። በዚያ ሒሳብ 168 ቁራሽ ሠራሁ። 60 ያህሉ ተረፈ። ጠባብ ቀሚስ የለበሱና ወሬ የያዙ ሴቶች እንደዚያ አይበሉም። ፓስታ ከኖረ 8 ይበቃል። ሁሉንም በአንዴ ጠረጴዛ ላይ መዘርገፍም ለፎቶ ነው የሚጠቅመው። ግማሹን አውጡ፣ ግማሹ ፍሪጅ ይቆይ። እንቁላልና ማዮኔዝ ያለበት ነገር ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፣ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

በረዶውን ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ አስቡ። ብዙ ይመስላል፣ አይደለም።

ሰሞኑን ሙሽሪት የዚያን ማታ ቪዲዮ ላከችልኝ። እናቷ የጻፉላትን ደብዳቤ ሲያነቡላት ነው፣ ሁሉም ያለቅሳሉ። እኔ እዚያ አልነበርኩም። እሷ እንባዋን ስትጠርግ ከጀርባ የኦቨን በር ሲጋጭ ይሰማል። ቀጥሎ የእኔ ድምፅ፦ «አምስት ደቂቃ!»