የጥር ደመወዟ ዜሮ ነበር

ድሬዳዋ ውስጥ፣ በአንድ የግል ፋብሪካ ደመወዝ ክፍል ስሠራ ያጋጠመኝ ነው። ትዝ ሲለኝ ዛሬም ይከነክነኛል።

ማሸጊያ ክፍል የምትሠራ አንዲት እህታችንን መስከረም ላይ ዴንጊ ያዛት። የድሬ ሰው ይህን በሽታ ያውቀዋል። ትኩሳቱ፣ ቁርጥማቱ፣ ከተሻለ በኋላም የማይለቀው ድካም። ትንኟ የምትናከሰው ቀን ነው። የምትራባው ደግሞ ውኃ በምናጠራቅምበት በርሜል ውስጥ። በ2011 ክረምት ከተማዋን ያዳረሰውን፣ ቺኩንጉንያ የሚባለውን በሽታም ያመጣችው ይችው ትንኝ ናት። እህታችን 18 ቀን ተኛች። ሲክ ሊቭ፣ ማለትም የሐኪም የሕመም ፈቃድ ወረቀት አመጣች፣ ሙሉ ደመወዟ ተከፈላት፣ ሥራዋን ቀጠለች።

ገና በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ጥር 1፣ ሆዷን ቆረጣት። ትርፍ አንጀት ሆኖ ተገኘ፤ ወዲያው ኦፕራሲዮን ተደረገች። ሐኪሙ 30 ቀን እረፍት ጻፈላት።

ወረቀቱ ቢሮ የደረሰው በሦስተኛው ቀን፣ በወንድሟ እጅ ነው። አለቃችን አየት አደረገውና «የሕመም ፈቃዷን መስከረም ላይ ጨርሳለች። በማግስቱም አላሳወቀችም። ያለ ክፍያ ይያዝ» አለኝ። እኔም አንድ ቃል ሳልጠይቅ ዜሮ ጻፍኩ።

የደመወዝ ቀን ስፌቷን በእጇ ደገፍ አድርጋ መጣች። «አቦ ወንድሜ፣ ይሄ ዜሮ ምንድን ነው?»

እሷ የጠበቀችው ሌላ ነው። ዴንጊ ሌላ፣ ትርፍ አንጀት ሌላ፤ ሕመሙ አዲስ ስለሆነ አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ እንደ አዲስ ይገባኛል ብላ ነው የመጣችው። አነጋገሯን ሰምቼ ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። ሕጉን ከፍቼ አይቼው አላውቅማ!

የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ይዘው መጡ። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥንና አንቀጽ 85ን እና 86ን አነበቡልን።

ሕጉ የበሽታውን ስም አይጠይቅም። የሚቆጥረው ቀን ነው። ከመጀመሪያው የሕመም ቀን አንሥቶ ባሉት 12 ወራት ውስጥ፣ በተከታታይም ይሁን በተለያየ ጊዜ፣ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለ። የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያለው 2 ወር በግማሽ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ክፍያ። ተለይቶ የሚታየው በሥራ ምክንያት የመጣ ጉዳት ብቻ ነው፤ እሱ የራሱ ክፍያ አለው። በማግስቱ አሳውቅ የሚለውም ማሳወቅ ያልቻለን ሰው አይጨምርም። ሆዷ ተከፍቶ የተኛች ሴት በምን አቅሟ ትደውል?

እስክሪብቶ አወጣሁ። ደመወዟ 6,000 ብር ነው፤ ለ30 ሲካፈል በቀን 200። ሙሉ ከሚከፈልበት ወር 18ቱ ቀን መስከረም ላይ ሄዷል። 12 ቀን ይቀራታል፤ 2,400 ብር። የቀረው 18 ቀን በግማሽ ሲታሰብ 1,800። ድምሩ 4,200 ብር። እሷ እንዳሰበችው 6,000 አይደለም። እኔ የጻፍኩት ዜሮማ ጭራሽ አይገናኝም። መድኃኒት የምትገዛበትን፣ የቤት ኪራይ የምትከፍልበትን ገንዘብ ነው በገዛ እጄ ያስቀረሁባት።

ስሌቱን ከአዋጁ ጋር አያይዤ ለአለቃችን አስገባሁ። ሁለቴ አነበበውና ፈረመ። በሳምንቱ ተከፈላት። ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱን ሠራተኛ የመጀመሪያ የሕመም ቀን የምመዘግብበት ደብተር ያዝኩ።

ብሯን ተቀብላ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች።

«መስከረም ሳይደርስ ሦስተኛ ቢያመኝስ?»

«በግማሽ የሚከፈልሽ 42 ቀን አለሽ» አልኳት።

«እሱንስ አያምጣው» አለች። ከብሩ ላይ ቀንሳ ለውኃ በርሜሏ ክዳን ልትገዛ ወደ መጋላ ሰፈር እየሄደች ነበር።