ጫማው አዳማ ሲሚንቶ ላይ ይቆማል ወይ?

የቅርጫት ኳስ ጫማ እየሞከሩ ዩቲዩብ ላይ የሚናገሩ ሰዎችን እከታተላለሁ። ሥራቸውን አከብራለሁ፤ ችግሩ ወለላቸው ነው። እነሱ የሚጫወቱት ሜፕል ከሚባል ጠንካራ እንጨት በተሠራ ጣውላ ላይ ነው። የቦስተን ሴልቲክስ የኦክ እንጨት ወለል ሲቀር የኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ሜዳዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ሜፕል ናቸው። ከጣውላው ሥር የሚለጠጥ ነገር ስላለ ወለሉ ራሱ ከተጫዋቹ ጋር ረገብ ይላል፤ ጨዋታው በቆመ ቁጥር ደግሞ ልጆች መወልወያ ይዘው ይሮጡበታል። የእኛ ትምህርት ቤት ሜዳ ሲሚንቶ ነው። ቀለሙ ከሦስት ነጥቡ መስመር በቀር ለቋል፤ ከሰዓት በኋላ የአዳማ ንፋስ ሲነሳም አቧራ ያለብሰዋል። እዚያ ማዶ "መሬት ይነክሳል" ተብሎ የተመሰከረለት ሶል እኛ ዘንድ ሲደርስ ጥርሱ ይወልቃል።

እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ከክፍል በኋላ ከተማሪዎቼና ከድሮ ተማሪዎቼ ጋር ፖይንት ጋርድ (ኳስ እየነዳ ጨዋታውን የሚመራው) ሆኜ እጫወታለሁ። ጫማ የገዛ ሁሉ ይዞልኝ ይመጣል። "ቲቸር፣ እስቲ ይቺን እያት!" ይሉኛል። መስማት የሚፈልጉት "ኦርጅናል ናት" የሚለውን ቃል ብቻ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው መቆሟን ነው። ጋርድ ተከላካዩን የሚያመልጠው ከእሱ በፈጠነ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ሙሉ ፍጥነት ላይ ሆኖ ድንገት ቀጥ ሲል ሰውየው አልፎት ይሄዳል። ያኔ ሶሉ አንድ ስንዝር ከተንሸራተተ ክሮስኦቨሩም (ኳሱን ከእጅ ወደ እጅ ማሻገሩ)፣ ሹቱም፣ አንዳንዴ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ጫማው ሜዳ ከመግባቱ በፊት ክፍል ውስጥ ይፈተናል። የእግረኛ መንገድ ላይ የሚነጠፈውን ዓይነት የሲሚንቶ ታይል አስቀምጣለሁ፣ ጫማው ውስጥ አሸዋ የሞላ ከረጢት እከታለሁ፣ ከዚያ የታይሉን አንድ ጫፍ ቀስ እያልኩ አነሳለሁ። መንሸራተት የጀመረበት ማዕዘን ታንጀንቱ የሰበቃው መጠን (ኮፊሸንት) ነው። በ45 ዲግሪ ከተንሸራተተ 1፣ በ35 ዲግሪ ከሆነ 0.7 ገደማ ማለት ነው። መጀመሪያ በንጹሕ ታይል፣ ቀጥሎ ከሜዳው ጠርጌ ያመጣሁትን አቧራ ነስንሼ እሞክራለሁ። የሚያስፈልገኝ የመጀመሪያው ቁጥር ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

የስፖርት መምህራችን ሰሞኑን ያመጣው ጫማ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ባለቤቱ ይህን ያነባል፣ ብዙ ብርም ከፍሎበታል። ሶሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ለስላሳ ጎማ ነው፤ መስመሮቹ ቀጫጭንና የተጠጋጉ ናቸው። በንጹሑ ታይል ላይ 45ን አልፎ ንቅንቅ አላለም። ልጆቹ አጨበጨቡ፣ መምህሩም ደረቱን ነፋ። አቧራውን ስነሰንስበት ግን ገና ብዙም ሳላነሳው እንደ ሳሙና ቁልቁል ወረደ። መስመሮቹ ጠባብ ስለሆኑ አቧራው ገብቶ ይሞላቸዋል፤ ከሞላቸው በኋላ መሬት የሚነካው ጎማው ሳይሆን አቧራው ነው።

ይህን ስል የታይሉን ሙከራ የመጨረሻ ዳኛ አላደርገውም። ጎማ ለመማሪያ መጽሐፋችን የማይታዘዝ ነገር ነው። መጽሐፉ የሰበቃ ኮፊሸንት በስፋትም በክብደትም አይለወጥም ይላል፤ ጎማ ግን ሲጫኑት ሌላ፣ ሲሞቅ ሌላ ነው። በሰባት ሰዓት ፀሐይ የጋለ ሲሚንቶና ጠዋት ላይ ያለው ሲሚንቶ ለአንድ ሶል ሁለት ሜዳ ናቸው። ታይሉ ደካማውን ይጥልልኛል እንጂ ጎበዙን አይመርጥልኝም።

ሜዳ ላይ የምሠራው ቀላል ነው፤ ከመስመር ተነስቼ እስከ ፍፁም ቅጣት ምቱ መስመር እበርራለሁ፣ በሁለት እግር ቀጥ እላለሁ፣ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ቀጥሎ የዲፌንስ ጎንዮሽ። ከዚያ ሙሉ ጨዋታ እጫወትና በመሃል ስንቴ ሶሌን በመዳፌ እንደጠረግሁ ልብ እላለሁ። በየኳሱ መጥረግ የሚያስፈልገው ጫማ ውበቱ ምንም ይሁን ለእኛ ሜዳ አልተሠራም። ሲጢጥ የሚል ድምፅ ለሚጠብቁም አንድ ነገር ልበል፦ ያ ድምፅ የጣውላ ነው። ሲሚንቶ ላይ ጥሩ ሶል ጭር የሚል አጭር ድምፅ አሰምቶ ዝም ይላል፤ ድምፁ ከረዘመ እየተንሸራተታችሁ ነው።

እስካሁን ደህና ሆነው ያገኘኋቸው ሶሎች ይመሳሰላሉ፦ ጥፍር ሲጫኑት የማይሰምጥ ጠንከር ያለ ጎማ፣ ጥልቅና የተራራቀ የዚግዛግ መስመር። ናይክ ለውጭ ሜዳ ጠንካራ ጎማ ባደረገባቸው ጫማዎቹ ላይ "ኤክስ ዲ አር" የሚል ምልክት ያትማል፤ አንድን ሞዴል በሁለት ዓይነት ጎማ የሚሸጥበት ጊዜ ስላለ ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጣችሁ ፈልጉት።

ሁለተኛው ጉዳይ እግር ጫማው ውስጥ መንሸራተቱ ነው። ሶሉ ቀጥ ብሎ እግራችሁ ከቀጠለ ምን ዋጋ አለው? ይህን በጠመኔ ነው የማውቀው። የጫማውን አፍንጫና ጎኖቹን ከውስጥ በጠመኔ ዱቄት እቀባለሁ፣ ጥቁር ካልሲ አደርጋለሁ፣ ቆም መለስ እያልኩ ጥቂት እጫወትና ካልሲውን አያለሁ። የጣቶቼ ጫፍ ከነጣ እግሬ ወደፊት እየሸሸ ነው፤ የትንሿ ጣት ጎን ከነጣ ወደ ጎን እየፈሰሰ ነው። ወደፊት ለሚሸሽ እግር ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ማንም የማይጠቀምባት የመጨረሻዋ የማሰሪያ ቀዳዳ ናት። ወደ ጎን ለሚፈሰው ግን የማሰሪያ መላ አላገኘሁለትም፤ የጫማው ጨርቅ ላልቷል ወይም ወርዱ የእናንተ አይደለም።

ያ ወደ ጎን የሚመጣ ጉልበት ቀላል እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. የካቲት 2019 የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዝ ካሮላይና ሲጫወት፣ ጨዋታው ከተጀመረ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የዱኩ ኮከብ የዛየን ዊልያምሰን ጫማ ተተርትሮ እግሩ ወጣ፤ ጉልበቱም ተጎዳ። ባራክ ኦባማ ተመልካች ነበሩ። ያን የሚያህል ግዙፍ ልጅ ሲሮጥ ቆይቶ አቅጣጫ ለመቀየር እግሩን ሲተክል የሸክሙን ብዛት ያንን ቪዲዮ ያየ ይረዳዋል። እኔም ክፍል ውስጥ ስለ ኢነርሺያ ሳስተምር አነሳዋለሁ፤ ከኋላ የተኛው ሳይቀር ይነቃል።

ልጆቹ ግን የሚጠይቁኝ ስለ ልስላሴው ነው። በአውራ ጣት ሶሉን ጫን ጫን አድርገው "ቲቸር፣ ፍራሽ ናት!" ይላሉ። እንግዲህ ቁጥሩን እንይ፦ ከ50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የሚወርድ ሰው መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰከንድ 3.1 ሜትር ያህል ነው፤ ሁለት መቶ ብርም ሃያ ሺህ ብርም ያወጣ ጫማ ቢያደርግ ይህ አይቀየርም። ፎሙ የሚሰምጠው በሳንቲ ሜትር ነው። ጉልበትና ዳሌ ግን ብዙ እጥፍ ርቀት ታጥፈው ያንን ፍጥነት ያቆሙታል። ፎሙ የሚረዳው የመጀመሪያዋን ድንገተኛ ምት ለማለዘብ ነው። ሲሚንቶ የማይረግብ ስለሆነ እሷም ለእኛ ቀላል አይደለችም፤ ሁለት ሰዓት ከተጫወትኩ በኋላ ቅልጥሜ ይመሰክራል። ቢሆንም በጣም ወፍራምና ለስላሳ ፎም ጎንዮሽ ስትተክሉት ያዘነብላል፤ ለቁርጭምጭሚት ከዚያ የባሰ ነገር አላውቅም።

ልስላሴው የት እንዳለም ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኤንቢኤው የጃ ሞራንት የመጀመሪያ ጫማ ዙም ኤር የሚባለውን የናይክ የአየር ከረጢት ከፊት፣ ከጣቶች ሥር ብቻ ነው ያደረገው፤ ተረከዙ ተራ ፎም ነው። በ2019 የወጣው የያኒስ አንቴቶኩንምፖ የመጀመሪያ ጫማ ደግሞ ተረከዙ ላይ ደርቦ አስቀመጠው። አንዱ በጣቱ የሚወረወር ጋርድ ነው፣ ሌላው ረጅም እርምጃ እየወሰደ በተረከዙ የሚያርፍ ግዙፍ ሰው። ማን ጫማው ላይ እንደፈረመ ከማየት እናንተ በየትኛው የእግራችሁ ክፍል እንደምታርፉ ማየት ይሻላል። ያረጀ ጫማችሁን ገልብጡት፣ የተበላበት ቦታ ይነግራችኋል።

ስለ ረጅም አንገት ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ፣ 622 የኮሌጅ ተጫዋቾች የተሳተፉበት ጥናት ረጅምና አጭር አንገት ያላቸው ጫማዎች በቁርጭምጭሚት ወለምታ ላይ ጉልህ ልዩነት እንዳላመጡ አሳይቷል። ኮቢ ብራያንትም እግር ኳስ ተጫዋቾችን አይቶ ባሠራው አጭር ጫማ እ.ኤ.አ. በ2009 የኤንቢኤ ዋንጫ በልቷል። እናቶች ግን አሁንም "አንገቱ ረዘም ያለውን ግዛልኝ" ይሉኛል፣ እኔም እሺ እላለሁ።

ቦንዳ ለምትገዙ አንድ ማስጠንቀቂያ። የተለበሰ ጫማ ሁሉ መጥፎ፣ ያልተለበሰ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ፖሊዩሬቴን የተባለው ፎም ሳይለበስም እርጥበት እየበላው ይሞታል፤ ለዓመታት ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ አዲስ የሚመስል ጫማ በመጀመሪያው ሪባውንድ እንደ ደረቅ ዳቦ ሊፈረፈር ይችላል። በሁለት እጅ ይዛችሁ ጠምዝዙት። ከጎኑ ስንጥቅ ከታየ ወይም ማስቲሹ ከለቀቀ መልሱት።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ ስሙ የማይታወቅ፣ ሶሉ እንደ መኪና ጎማ የጠነከረ ጫማ ይዛ መጣች፤ አፍራበት በፌስታል ደብቃዋለች። አቧራው ታይል ላይ የመምህሩን ጫማ አሸነፈው። ውስጡ ደረቅ ስለነበር ወፍራም ንጣፍ ጨምሪበት አልኳት፣ አበቃ። የመምህሩ ጫማ ደግሞ አይጣልም፤ የጣውላ ወለል ያለው አዳራሽ ውስጥ ስንጋበዝ ንጉሥ ነው። ቁጥራችን እኩል 42 ስለሆነ ለዚያ ቀን እንዲያውሰኝ ጠይቄዋለሁ። "መጀመሪያ የጻፍከውን ልየው" ብሎኛል።