ሾክ ውስጥ ያለ ሕመምተኛ በየሰዓቱ፦ የጥናት ማስታወሻ ከጅማ

ሳምንት 1፦ ከመሣሪያው በፊት እጅ

ሾክ የሚጀምረው ግፊት ሲወርድ አይደለም። የሰውነት ክፍሎች የሚበቃቸው ደምና ኦክስጅን መድረስ ሲያቆም ነው። የወጣት ሰው የደም ሥር እየጠበበ ግፊቱን ለረጅም ጊዜ ደግፎ ያቆየዋል፤ ቁጥሩ የወረደ ዕለት ብዙ ሰዓት አልፏል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምዳችን የልብ ምትን ለላይኛው ግፊት ማካፈል ሆነ። ምት 120፣ የላይኛው ግፊት 100 ከሆነ 1.2 ይመጣል። ጤነኛ ሰው ላይ ከ0.5 እስከ 0.7 ነው፤ ከ0.9 ካለፈ ግፊቱ ደህና ቢመስልም ከአልጋው አትራቁ። ቤታ ብሎከር (የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ላይ ግን ምቱ ስለማይፈጥን ስሌቱ ያታልላል።

ቀጥሎ የጣት ጫፍን ተጭኖ የደም አመላለሱን መቁጠር ነው። ተጭኖ መቆየት ያለበት 10 ሰከንድ ነው፤ ሲለቀቅ ቀለሙ በ3 ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ችግር አለ። አብዛኛው ስሕተት ለቅጽበት ነካ አድርጎ መልቀቅና ሰዓት ሳያዩ በግምት መጻፍ ነው። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፤ በዝናብ የመጣ ሰው እጁ ሾክ ባይኖርበትም ይቀዘቅዛል። ጣቱ ካጠራጠረ ደረቱ ላይ ድገሙት። በጥቁር ቆዳ ላይ የጉልበት መዥጎርጎር (ደም ሲያንስ ቆዳው ላይ የሚወጣው ዝንጉርጉር ቀለም) በቀላሉ ስለማይታይ፣ በእጅ ጀርባ ከእግር ጣት ወደ ላይ እየዳሰሱ ቅዝቃዜው የሚያበቃበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ይሻላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ምልክቱ ወደ ጉልበት ከወጣ ሕመምተኛው እየባሰበት ነው፤ ወደ ቁርጭምጭሚት ከወረደ እየተመለሰ ነው።

ንቃተ ህሊናን ስንመዝን ቋንቋ ያሳስታል። በአማርኛ ተጠይቆ ዝም ያለን ሰው «ግራ ተጋብቷል» ብሎ መጻፍ ትልቅ ስሕተት ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪውን «መቃን ኬ ኤኙ?» ብላችሁ ስሙን ጠይቁ። ከዳውሮ ወይም ከከፋ የመጣ ከሆነ አስታማሚው ይጠይቀው። «ትናንትም እንዲህ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ለአስታማሚው ሲቀርብ ከብዙ ምርመራ ይቀድማል።

ሳምንት 2፦ ፍሉይድ

በኢንፌክሽን ለመጣ ሾክ የተለመደው የፍሉይድ (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) መነሻ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት 30 ሚሊ ሊትር በኪሎ ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው 1,800። ይህን በአንድ ትንፋሽ አታፍስሱት። 500 ሚሊ ሊትር ስጡ፣ ምት፣ ግፊት፣ የትንፋሽ ብዛትና የጣት ጫፍ ለኩ፣ ከዚያ ቀጣዩን። ከእያንዳንዱ ከረጢት በኋላ ምን እንደተለወጠ ካልተጻፈ ሕክምናው በጭፍን ነው የሚሄደው። የትንፋሽ ብዛት ከጨመረ፣ ከሳንባ ሥር የመንኮሽኮሽ ድምፅ ከተሰማ ወይም ኦክስጅኑ ከወረደ ጠብታውን አቁሙና ሐኪሙን ጥሩ።

የካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) ውፍረት ፍጥነቱን ይወስናል። ሰማያዊው (22) ደቂቃ ውስጥ 35 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ያሳልፋል፤ አረንጓዴው (18) ወደ 90፣ ግራጫው (16) ወደ 180። ሁለት አረንጓዴ በሁለት ክንድ ላይ ካለ ማዕከላዊ መስመር (ልብ አጠገብ ባለ ትልቅ ደም ሥር የሚገባ ቱቦ) እስኪገባ መጠበቅ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የአካባቢያችን ጉዳይ አለ። ከጊልገል ጊቤ ዙሪያ ካሉ ቆላማ ቦታዎች የሚመጣ ሕመምተኛ ጽኑ ወባ ሊሆን ይችላል፤ በጽኑ ወባ በጥድፊያ የሚሰጥ ፍሉይድ ሳንባን ይሞላል። በ2011 በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት ከባድ ትኩሳት ላለባቸው በፍጥነት የተሰጠ ፍሉይድ ሞትን እንደጨመረ አሳይቷል። ስለዚህ የወባ ምርመራና የደም ስኳር ከመጀመሪያው ከረጢት ጋር አብረው ይሂዱ።

ወልዳ እየደማች ላለች እናት ደግሞ ሳላይን ደም አይተካም፤ ያቀጥነዋል። ደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በ10 ደቂቃ ይሰጥ፣ ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ። የደም መርጋት ምርመራ እስኪደርስ 2 ሚሊ ሊትር ደም በንጹሕ ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ በጭብጥ ይዞ ማሞቅ ይቻላል፤ በ7 ደቂቃ ካልረጋ ወይም የረጋው በቀላሉ ከተበተነ የመርጋት ችግር አለ።

ሳምንት 3፦ ግፊት የሚያነሱ መድኃኒቶች

ብዙ ጊዜ የወሰድነው እዚህ ነው፤ ትንሽ ስሕተት እዚህ ሰው ትገድላለችና።

ዒላማው አማካይ ግፊት 65 ነው። ስሌቱ፦ የታችኛውን እጥፍ አድርጉ፣ የላይኛውን ደምሩ፣ ለ3 አካፍሉ። 90/50 ሲሰላ 63 ይመጣል፤ «90 ደርሷል» ተብሎ የሚታለፈው ሰው ገና አልደረሰም።

ፑምፕ በማይገኝበት ጊዜ 60 ጠብታው አንድ ሚሊ ሊትር የሚሆነው ቡሬት (ባለ መስመር የጠብታ መለኪያ) ያገለግላል። ምሳሌ፦ ኖርአድሬናሊን 4 ሚሊ ግራም በ500 ሚሊ ሊትር 5 ፐርሰንት ግሉኮስ ውስጥ ሲገባ አንድ ሚሊ ሊትር 8 ማይክሮግራም ይይዛል። ለ60 ኪሎ ሰው 0.1 ማይክሮግራም በኪሎ በደቂቃ ከታዘዘ 6 ማይክሮግራም በደቂቃ ማለት ነው፤ 6 ለ8 ሲካፈል 0.75 ሚሊ ሊትር፣ በ60 ሲባዛ 45 ጠብታ በደቂቃ። 20 ጠብታው አንድ ሚሊ ሊትር በሚሆነው ተራ መስመር ይኸው መጠን 15 ጠብታ ብቻ ነው፤ መስመሩን ሳያዩ 45 የቆጠረ ሰው ሦስት እጥፍ ሰጠ። የአምፑሉን ጽሑፍም አንብቡ፦ 8 ሚሊ ግራም ባይታርትሬት የሚለው 4 ሚሊ ግራም ኖርአድሬናሊን ነው።

በክንድ ካኑላ መጀመር ይቻላል፣ ግን ክርን መታጠፊያ ላይ ወይም ከዚያ በላይ፣ ለአጭር ጊዜ። በእጅ ጀርባ አይሁን። ካኑላው ያለበትን ክንድ በጨርቅ አትሸፍኑ፤ በየሰዓቱ እዩት። ቆዳው ከነጣ፣ ካበጠ ወይም ካመመው መድኃኒቱን አቁሙ፣ ካኑላውን ሳትነቅሉ በሲሪንጅ የቀረውን ሳቡ፣ ክንዱን ከፍ አድርጉ፣ የሞቀ ጨርቅ አድርጉ። በረዶ አይደረግም፤ የጠበበውን ሥር ይብሱን ያጠበዋል። መድኃኒቱ ግን መቋረጥ ስለሌለበት ሌላው ክንድ ላይ መስመር ቀድሞ ይዘጋጅ።

የግፊት መለኪያው በሌላው ክንድ ይታሰር። መድኃኒቱ በሚሄድበት ክንድ ከታሰረ ሲነፋ ፍሰቱ ይቆማል፣ ሲለቀቅ የተጠራቀመው ባንዴ ይገባል። በዚያው መስመር አንቲባዮቲክ መግፋትም ያው ነው፤ መስመሩ ውስጥ የቆየው መድኃኒት ባንድ ጊዜ ልብ ይደርሳል። አዲሱ ከረጢት አሮጌው ከማለቁ 30 ደቂቃ በፊት ተቀምሞ፣ ስም ተለጥፎበት ይጠብቅ።

ሳምንት 4፦ የሚደክሙ አካላት

ኩላሊት ቀድሞ ይናገራል። ዝቅተኛው ሽንት 0.5 ሚሊ ሊትር በኪሎ በሰዓት ነው፤ ለ60 ኪሎ 30። ከረጢቱ ላይ ያለው መስመር ለሰዓታዊ ልኬት አይታመንም፤ በሲሪንጅ ወይም ባለ መስመር መለኪያ ለኩ። ሽንት ቀስ በቀስ ካነሰ ኩላሊት ነው፤ ባንዴ ዜሮ ከሆነ አስቀድሞ ካቴተሩ (የሽንት ቱቦው) ይፈተሽ። ታጥፏል? ረግቶ ተደፍኗል? ፊኛው ተወጥሯል? ሽንቱ ካነሰ ደግሞ ኩላሊትን የሚጎዱት ጄንታማይሲንና ዲክሎፌናክ ቻርቱ ላይ አሁንም ካሉ ሐኪሙን አስታውሱ።

ፖታሲየም ከፍ ብሎ ልቡ መዛባት ከጀመረ ካልሲየም ግሉኮኔት 10 ፐርሰንት 10 ሚሊ ሊትር ሞኒተር እያዩ በ5 እስከ 10 ደቂቃ ይሰጣል። ልብን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይጠብቃል እንጂ ፖታሲየሙን አይቀንስም። የሚቀንሰው ኢንሱሊን 10 ዩኒት ከ25 ግራም ግሉኮስ ጋር ነው፤ በእጃችን ባለው 40 ፐርሰንት ግሉኮስ 62.5 ሚሊ ሊትር። ስኳሩ የሚወድቀው ዘግይቶ ስለሆነ ለ6 ሰዓታት በየሰዓቱ ይለካ።

ኦክስጅን የሚለካውን ከቀዘቀዘ ጣት አትመኑ፤ የሞገዱ መስመር ካልጠራ ወደ ጆሮ ጫፍ አዙሩት። ካኑላ ከተወጋበት ቦታ ሁሉ ደም ማንጠብጠብ ከጀመረ የመርጋት ሥርዓቱ ተበላሽቷል፤ ጡንቻ ላይ መርፌ አይወጋ።

ሳምንት 5፦ ርክክብ

ባጭሩ፦ ተረካቢው ጠብታውን ራሱ ይቁጠር፣ ካኑላውን ራሱ ይይ፣ በእስክሪብቶ የተደረገውን የቅዝቃዜ ምልክት ራሱ ይዳስስ። ያለፉት 3 ሰዓታት ሽንት በቃል ሳይሆን በቁጥር ይነገር። የሚቀጥለው ሳምንት ርዕሳችን ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ያለ ሕመምተኛን ማጽዳትና በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ነው፤ ግፊቱ ስናገላብጠው የሚወድቅ ከሆነ ማን ጭንቅላቱን፣ ማን ቱቦውን፣ ማን ጠብታውን እንደሚይዝ ከአሁኑ ተከፋፍላችሁ ኑ።