የጎረቤቴ ዘር ፍለጋ

ዛሬ ከሰዓት ከጎረቤቴ ጋር ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠን ዋልን። ሴትዮዋ ወደ ፈረንሳይዋ ማርሴይ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1962፣ አልጄሪያ ከፈረንሳይ ነፃ ስትወጣ በመርከብ ነው። አልጄሪያ፣ ኦራን ከተማ ተወልደው ያደጉ ፈረንሳዊት ናቸው።

ኤክስ-አን-ፕሮቫንስ የምትባል የፈረንሳይ ከተማ ያለው የቅኝ ግዛት መዝገብ ቤት የአልጄሪያን የድሮ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ ስካን አድርጎ በነፃ ለቆታል። የቤተሰብ ስም፣ ከተማና ዓመት አስገብተህ መፈለግ ነው። ያኔ ግን የከተሞቹ ስም ሌላ ነበር። የዛሬዋን አናባ የምታገኛት ቦን ተብላ ነው።

የአያታቸውን ወላጆች የጋብቻ ወረቀት አገኘነው! የእጅ ጽሑፉ ዓይን ያጠፋል። ሙሽራው ፈርሟል፤ ሙሽሪት መፈረም እንደማትችል ጸሐፊው ከታች አስፍሯል። ለካ እሷ የአሊካንቴ ስፔናዊት ናት! ሴትዮዋ ሳቃቸው መጣ። እኔ አልገረመኝም፤ በ1889 የወጣው ሕግ እዚያ የተወለዱ ብዙ የስፔንና የጣሊያን ሰፋሪ ልጆችን ፈረንሳዊ አድርጓል። የመሬቱ ባለቤቶች፣ አልጄሪያውያኑ ሙስሊሞች ግን በገዛ አገራቸው ተገዥ ሆነው ቀሩ። ይህን ስላቸው ዝም አሉ፤ ከዚያ «ልክ ነህ» አሉኝ።

ወደ ኋላ መቁጠሩስ ቀላል ነው። ከባዱ ወደፊት፣ ወደ ዘሮቹ መምጣት ነው። ቅርብ ጊዜ የተመዘገበው ገና ለሁሉም ክፍት አይደለም፤ ፈረንሳይ ውስጥ ናንት ከተማ ላለው የልደትና ጋብቻ መዝገብ መሥሪያ ቤት መጻፍ ያስፈልጋል። አጎታቸው በ1962 ወደ አሊካንቴ ነው የተሻገሩት፤ ልጆቻቸው የት እንዳሉ አይታወቅም። ደብዳቤውን ነገ እንጽፋለን። አሊካንቴ አካባቢ የምትኖሩ ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ እስቲ።