የቡላ ሆድ

ስልኬ ሞላሁ አለኝ። ቦታ ላስለቅቅ ብዬ ፎቶዎቼን ስከፍት 41 የውሻ ሰገራ ፎቶ አገኘሁ። ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ስታገባ እንኳ ይህን ያህል አላነሳሁም። ልሰርዛቸው ጀመርኩና ቀናቸውን ሳይ እጄ ተያዘ። ሁለት ወር ከምናምኔ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ቡላ ወደ እኛ ቤት የመጣችው ጥቅምት 2017 መጀመሪያ ላይ ነው። ካዛንቺስ ሲፈርስ የጓደኛዬ ቤተሰቦች ወደ ኮንዶሚኒየም ተዛወሩ፣ አራተኛ ፎቅ። አባቷን እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ አባባ ነው የምንላቸው። "እናንተ ኮተቤ ግቢ አላችሁ አይደል?" አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ሰው ለምነው የሚያውቁ አይደሉም። እሺ አልኩ። ያመጧት ቀን የእብድ ውሻ ክትባት ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ሰንሰለቷን ሲያቀብሉኝ ግን ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። መልኳ እንደ ስሟ ነው፣ ነጣ ያለ ቡላ። አንድ ጆሮዋ ቆሞ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን አስቀመጣት።

መጀመሪያ ብዙም አላሳሰበኝም። አገር ለቃ የመጣች ውሻ ናት፣ ሆዷ ቢረበሽ ምን ይገርማል? ምግቡም ተቀይሮባታል። ካዛንቺስ እያለች በሥጋ ቤት ትርፍራፊ ነው ያደገችው። እኛ ቤት ደግሞ እንጀራ በሽሮ ቀረበላት። መጀመሪያ አሸተተችው፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ፣ በመጨረሻ በላችው። ሽንኩርት፣ ቀይም ይሁን ነጭ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል እንደሚጎዳ የሰማሁት በኋላ ነው። ሽሮ ያለ ሽንኩርት ደግሞ ምን ሽሮ ነው?

ሳምንት አለፈ። አልቆመም። አንድ ቀን ረጋ ይልና ደስ ሲለኝ በማግስቱ ውሃ ይሆናል። ሽታው ለየት ያለ ነው፤ አንዳንዴም ንፍጥ የመሰለ ነገር ይለብሳል። እሷ ግን ትጫወታለች፣ ትበላለች፣ በር ሲንኳኳ ትጮኻለች። ያታለለኝም ይሄ ነው። የታመመ ውሻ ይተኛል ብዬ ነበር የማስበው።

መካሪ በዛ። አንዷ ጎረቤታችን ፌጦ በሎሚ አለችኝ። ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት። እማዬ "አቅም አጥታለች" ብላ ወተት አጠጣቻት፤ ያን ዕለት ሌሊቱን ሙሉ በሩን ስትቧጭር አደረች። ዘበኛችን ደግሞ ለማንም ሳይናገር ከምሳው እያካፈለ ያበላት ነበር፤ ይህንን ያወቅነው በሦስተኛው ሳምንት ነው። እኔም ከማንም አልሻልኩም። ሁለት ቀን ሩዝ እሰጣትና ለውጥ ሳጣ ዳቦ፣ ዳቦው ሲያቅተኝ ድንች። አንዱም በቅጡ ሳይሞከር ሌላው ይተካል።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ልጻፈው። ከእማዬ መሳቢያ የተረፈ ፍላጂል አወጣሁ። ሰው ሲያስቀምጠው የሚውጠው ነው፤ ውሻስ ቢሆን ብዬ፣ ግማሽ ፍሬ በዳቦ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ሦስት ቀን ሰጠኋት። ቆመ! ጓደኛዬ ጋ ደውዬ ጉራዬን ነዛሁ። በሳምንቱ ተመለሰ፣ ያውም ብሶበት።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሐኪም የወሰድኳት። ወጣት የእንስሳት ሐኪም ናት፣ ድምጿ ዝግ ያለ። የቡላን የትከሻ ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ወደ ላይ ሳበችና ለቀቀችው። "ቶሎ ከተመለሰ ውሃ አላነሳትም። እንደ ድንኳን ቆሞ ከቀረ ግን ፈሳሽ አልቆባታል ማለት ነው" አለችኝ። ቶሎ ተመለሰ። ድዷን ገልባ አየች፤ ሮዝ ነው፣ እርጥብ ነው። ደም ወይም ትውከት አለ ወይ ስትለኝ የለም አልኳት። ቡችላ ብትሆንና ደም ቢቀላቅልባት ኖሮ ነገሩ ፓርቮ የሚባለው ገዳይ የውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሌሊት እንኳ ማሳደር አይገባም ነበር አለች። የፍላጂሉን ነገር ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። አልተቆጣችም። "በስንት ኪሎ አስልተሽ ነው?" ብቻ አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የሰገራ ምርመራው ነጻ ነው አለ። ደስ ሊለኝ ሲል ቆይ አለችኝ። ሆድ የሚረብሽ ጥገኛ ተሕዋሲ ቢኖር እንኳ ከሰገራ ጋር በየቀኑ አይወጣም፤ ዛሬ የለም ማለት ሆዷ ውስጥ የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሦስት የተለያዩ ቀናት ሰገራ አምጪ ተባልኩ። ፎቶም አንሺ። የ41ዱ ፎቶ ታሪክ ከዚህ ይጀምራል።

ከኮተቤ በታክሲ፣ በሥራ መግቢያ ሰዓት፣ የጃም ብርጭቆ በሦስት ፌስታል ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤ ስሄድ አስቡት። ረዳቱ "እሱን ከሥር አድርጊው፣ ቦታ ይዟል" አለኝ። አይሆንም አልኩት። "ማር ነው እንዴ?" አለ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት "የገጠር ማር ከሆነ ከየት እንዳገኘሽው ንገሪኝ" አሉኝ። ፊቴ ጋለ። "አልቋል እማማ" አልኳቸው። አሁንም ሳስበው ያስቀኛል።

ሦስተኛው ናሙና ላይ ተገኘ። ጃርዲያ።

እማዬ ስትሰማ "እኔንም ይዞኝ ያውቃል!" አለች፣ የድሮ ጓደኛዋ ስም የተጠራ ይመስል። አሜባና ጃርዲያ ያልተባለ አዲስ አበቤ የታለ? ወዲያው ግን ወደ እኛ ይተላለፋል ብላ ፈራች። ዶክተሯን ጠየቅኳት። ውሻ ላይ በብዛት የሚገኘው የጃርዲያ ዓይነት ሰው ላይ ከሚገኘው የተለየ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይተላለፍም አለች። እጅ መታጠቡ ግን ለክርክር አይቀርብም፤ የውሻ ወስፋትና መንጠቆ ትል ወደ ሰው ይመጣሉና። በዚሁ የትል መድኃኒቷን ጨመረችላት። ሥጋ ቤት ያደገች ናት ስላት ደግሞ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ከእንግዲህ በፍጹም አለች። ከእርድ የሚጣል ጥሬ የሆድ ዕቃ የበላ ውሻ ሰው ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ዕጢ የሚያበቅል ትል ሊይዝ ይችላል።

ፌንቤንዳዞል ታዘዘላት፣ በኪሎዋ ተሰልቶ፣ ለ5 ቀን። ተሻላት። በ10ኛው ቀን እንደገና ውሃ።

እዚህ ላይ ተስፋ ቆረጥኩ። ለአባባ ልመልሳት ብዬ ስልኬን አንስቼ ቁጥራቸው ላይ ቆምኩ። አራተኛ ፎቅ። ስልኩን አስቀመጥኩት።

ዶክተሯ ግን መድኃኒት ለመቀየር አልቸኮለችም። ስለ ግቢው ጠየቀችኝ። የት ትጸዳዳለች? ማን ያነሳዋል? መቼ? ከየት ትጠጣለች? ተሕዋሲው ከሰገራ ጋር ሲወጣ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ነው። ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ሌላ ውሻን፣ ወይም ያንኑ ውሻ መልሶ፣ መያዝ ይችላል። ቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ላይ ለሳምንታት ይቆያል፤ ድርቀትና ፀሐይ ግን አይወድም። ኋላዋ ላይ ያለው ፀጉር ይይዘዋል፣ እሷ ትልሰዋለች፣ ዙሩ ይቀጥላል። ሆዷን እያከምኩ ግቢውን ትቼዋለሁ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በረንዳ ላይ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብዬ ተመለከትኳት። ጎድጓዳ ሳህኗ በንጹህ ውሃ ተሞልቷል። በአጠገቡ አለፈች። ቀጥታ ቧንቧው ሥር ወዳለችው ጉድጓድ ሄደች። ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ አንድ ዓመት ሆኖታል፣ ይሠራል እያልን ትተነዋል። ከቅጠሉ በታች ያቆረውን አረንጓዴ ውሃ ዓይኗን ጨፍና ጠጣች። ከጉድጓዷ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ የትናንቱ ሰገራ አለ።

እንዳጋጣሚ ኅዳር 12 ቀርቦ ነበር። በ1911 የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ በሚካኤል ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል የቀረ ወግ አይደለም። እማዬ በየዓመቱ ታጥናለች፤ እኔ ደግሞ ጭሱ ልብሴን አሸተተው ብዬ የምነጫነጭ ነኝ። ዘንድሮ ከሷ ቀድሜ ተነሳሁ። ዘበኛው ጉድጓዷን በጠጠር ደፈነ፣ ቧንቧው ተሠራ፣ ከአጥሩ ሥር የተከመረው እርጥብ ቅጠል ተጠርጎ ወጣ። ሲሚንቶው ላይ የፈላ ውሃ አፈሰስን። አፈሩን በረኪና ላጠጣው ነበር፤ ዶክተሯ በስልክ ከለከለችኝ። አፈር ላይ በረኪና ኃይሉን ያጣል፣ ፀሐይ ይበቃዋል አለች። መድኃኒቱ እንደገና ተሰጠ። በመጨረሻው ቀን ቡላን ከወገቧ በታች በሳሙና አጠብኳት። ያን ቀን ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። ምንጣፏ ተቀቅሎ ተሰጣ።

ምግቧ አንድ ዓይነት ሆነ፣ ሩዝና የተቀቀለ ዶሮ፣ ጨውና ቅመም የሌለበት፣ በቀን አራት ጊዜ በትንሽ በትንሹ። ችግሩ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ገባ። ቤቱ ሙሉ ጾመኛ ነው። ዶሮ የምትበላው ውሻዋ ብቻ ናት። እማዬ ለቡላ ለብቻዋ ድስት፣ ለብቻዋ ማንኪያ መደበች። ድስቱን ስትከፍት አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ፊቷን ታዞራለች። አንድ ቀን "ለዚች ውሻ ስል ገነት ብከለከል አንቺ ነሽ የምትጠየቂው" አለችኝ። ሩዙን ግን በስሱ የምታማስለው እሷ ናት፣ እኔ ሳደርገው ያርራል።

ታኅሣሥ 4 ቀን በሥራ ሰዓት ደወለችልኝ። በሥራ ሰዓት ደውላ አታውቅም፤ ክው አልኩ። "ደረቅ ነው" አለች። "ምኑ?" "የቡላ ነዋ! በእንጨት ነካ አድርጌ አየሁት።" ከዚያ ወዲህ ሳምንት በሳምንት የቀድሞ ምግቧን በትንሹ እየቀላቀልን መለስን። ሽንኩርት የሌለው ሽሮም ለካ ይበላል፣ ቢያንስ በውሻ።

ትናንት ገና ነበር። አባባ መጡ። ቡላ በሩ ከመንኳኳቱ በፊት አወቀቻቸው፤ ከጉሮሮዋ ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቅ ድምፅ ወጣ። ደረታቸው ላይ ወጣች፣ ነጭ ጋቢያቸውን አቆሸሸችው። ምንም አልመሰላቸውም። "ወፍራለች" አሉ። ሁሉንም ልነግራቸው አስቤ ነበር፣ ታክሲውን፣ ጃርዲያውን። አልነገርኳቸውም።

ከምሳ በኋላ ግቢው ጥግ ጀርባቸውን ሰጥተው ጎንበስ ብለው አየኋቸው። ከኮታቸው ኪስ ትንሽ የጋዜጣ ጥቅልል አወጡ። የአጥንት ድምፅ ሰማሁ። እማዬ በመስኮት ታያለች፣ እኔም በበረንዳ አያለሁ። ሁለታችንም ወደ ውስጥ ገባን።

ዛሬ ከቡናው በፊት ፌስታሌን ይዤ ወጣሁ። ለስለስ ብሏል። አነሳሁት። አሁን 42 ናቸው።